ያልተቆጠረችው ጥሩሸዋ

በሩ ሲደበደብ ጌታነሽ ታላቅ ወንድሟን ዳኜን ገፍታ ከገብሱ ጎተራ ኋላ ሸጎጠችው።

«ዳኜ! ወንድ ከሆንክ ውጣ! የወንድሜ ደም ይጠራሃል!»

ድምፁ የወሰኔ ነው። ወዲያው የያዘው ምንሽር ጠመንጃ ጮኸ። ጥይቱ መዝጊያውን በስቶ ምሰሶው ውስጥ ተቀረቀረ፤ ስንጣሪው የእናቷን ግንባር ገሸለጠው። እናትየው ደሙን በመዳፏ ይዛ «እግዚኦ! እግዚኦ!» እያለች ጮኸች። ወሰኔ ግቢው ውስጥ ያገኘውን በግ ሁሉ አርዶ፣ በድኑን ደጃፉ ላይ ጥሎ ሄደ።

ይኸ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከአንድ የገብስ ማሳ ነው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባል የለ? ዳኜ ደግሞ ደመ ፍሉ ነው፤ ነገር ሳይጨርስ እጁ ይቀድመዋል። በጥቅምት፣ ድንበር ገፋህ አልገፋህም ተባብለው፣ የወሰኔን ታላቅ ወንድም አናቱን በሽመል ብሎ ገደለው። ጌታነሽ ከዘመሮ ትምህርት ቤት ስትመለስ ሰውየውን እማሳው ውስጥ ወድቆ አይታዋለች። ጭንቅላቱ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሯን ስትገልጥ የሚታያት እሱ ነው።

ከበጎቹ እልቂት በኋላ የአገር ሽማግሌ ገባ። ብዙ ተባለ፤ ብዙ ተለመነ። በመጨረሻ ወሰኔ በአንድ ነገር ተስማማ፦ ደሙ እንዲደርቅ ጌታነሽን ይዳሩለት። ያኔ ዳኜን ይምራል።

«እሱ ገደለ፣ እኔ ልከፍል?» አለችው ጌታነሽ፣ አባቷን ኃይለመስቀልን። ዕድሜዋ ገና አሥራ አራት ነው። ዳኜ ከጎተራው ሥር ሆኖ ይሰማታል፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም።

«ዝም በይ!»

«ደግሞስ ወሰኔ ዘመዳችን አይደል? አያቴ ነግረውኛል። ጥሩሸዋ...»

አባቷ አንገቷን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። ትንፋሿ ቆመ።

«ስሟን ብትጠሪ ጋብቻው ፈረሰ። ጋብቻው ከፈረሰ ዕርቁም ይፈርሳል። ወንድምሽን በአፍሽ ገደልሽው ማለት ነው። ገባሽ?»

ገባት። እውነቱን መሰላት። አያቷ ገብረ ሥላሴ ከመሞታቸው በፊት የነገሯት ታሪክ ግን ከልቧ አልወጣም። ጥሩሸዋ የአያቷ የገብረ ሥላሴ አክስት ነበረች። ወንድሟ ተክለጻድቅ ያልወደደውን ሰው ብታገባ፣ ባሏን ጦር ሰክቶ ገደለው፤ ቤቷን በእሳት አጋየው፤ ከአባታቸው ከቅጣው የሚደርሳትን ርስትም ነጠቃት። እሷ እርጉዝ ነበረችና ወደ መርሐቤቴ ሸሸች። ከዓመታት በኋላ ልጇን አፈወርቅን ይዛ ተመለሰች፣ የማን ልጅ እንደሆነች ግን ከወንድሟ ልጅ ከገብረ ሥላሴ በቀር ለልጇም ትንፍሽ ሳትል ሞተች። አፈወርቅ ጌጡን ወለደ፤ ጌጡ ወሰኔን።

የዕርቁ ቀን ሁለቱም ወገን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተቀመጠ። ወሰኔ ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ዐይኑ ደም ለብሷል። አባ ዓምደ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው በመካከል ቆሙ።

«ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እስቲ ወሰኔ ጀምር።»

«አባቴ ጌጡ፣ አያቴ አፈወርቅ። የአፈወርቅ እናት የመርሐቤቴ ሴት ናት።»

«ኃይለመስቀል፣ አንተስ?»

«እኔን የወለደኝ ገብረ ሥላሴ፣ እሱን ተክለጻድቅ፣ ተክለጻድቅን ቅጣው» አለ አባቷ ሳይደናቀፍ። «ተክለጻድቅ ለቅጣው አንድያ ልጅ ነው።»

አንድያ ልጅ! ጌታነሽ ደንግጣ አየችው። ለጋብቻው ሲል ጥሩሸዋን መዝለሉ ይሁን፤ አንድያ ልጅ ማለት ግን ምን አመጣው? ያን ጊዜ ማሳው ትዝ አላት። እኅት ከነበረች ርስቱ ለሁለት ይከፈላል። ያ ሰው የሞተበት ማሳ የወሰኔም ነው! አባቷ ይህን ሲያውቅ ኖሯል። መሬቱን ቢያካፍል ዳኜም እሷም ይተርፉ ነበር። እሱ ግን መሬቱን አስቀርቶ እሷን ሰጠ። 

«ሰባት ቤት ሞላ?» አሉ አባ፣ ከቅጣው በላይ ያሉትም ከተቆጠሩ በኋላ።

«አልሞላም» አለች ተነሥታ። «ቅጣው ሴት ልጅም ነበረችው፤ ጥሩሸዋ ትባላለች። የመርሐቤቴ ሴት የተባለችው እሷ ናት። እኛ አራት ቤት ነን።»

አባቷ ተወርውሮ በጥፊ አጮላት። ወደቀች። ከንፈሯ ተተረተረ፤ ደሙ ነጠላዋ ላይ ወረደ። ሰው ተንጫጫ።

አባ መስቀሉን ዘረጉ። «ኃይለመስቀል፣ ልጅቷ ከዋሸች ይህን ይዘህ ማል!»

ኃይለመስቀል እጁን አልዘረጋም።

ወሰኔ ብድግ ብሎ ምንሽሩን አቀባበለ። «እንግዲህ ጋብቻም የለ፣ ዕርቅም የለ! ዳኜን ካለበት አወጣዋለሁ!»

«ቆይ ልጄ» አሉት አባ። «ርስትህን ይስጥህና ደሙ በእሱ ይድረቅ። ኃይለመስቀል፣ ልጅህን ነው የምታተርፈው ወይስ ማሳውን?»

ኃይለመስቀል መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። አባ ደግመው ጠየቁት። አሁንም ዝም። ጌታነሽ ዳኜ ይህን ዝምታ ባለመስማቱ ተመስገን አለች።

ደሟን ጠርጋ ቆመች፤ ወደ ወሰኔም ዞረች።

«ሴትም ብሆን ከዚህ ርስት ይደርሰኛል። ድርሻዬን ለጥሩሸዋ ልጆች ሰጥቻለሁ። ዳኜን ተውልኝ።»

«አንቺ ማነሽና ነው የምትሰጪው!» ብሎ አባቷ እንደገና እጁን ሰነዘረ። ክንዱን አየር ላይ የያዘው ወሰኔ ነበር።

«እኅቴን እንዳትነካት!»