ባዶ ያልጮኸው ሴራሚክ

ፍሬዲ ታሞንዶንግ ራሱ ባነጠፈው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ከጭንቅላቱ የፈሰሰው ደም ከተደፋ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ የሴራሚኮቹን መጋጠሚያ ተከትሎ ሄዷል። የጎማ ጫማው እግሩ ላይ ነው። በፊሊፒንሷ ኢሎይሎ ከተማ ሰው ቤት ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ ኮንትራክተር እሱ ብቻ ነበር፤ የመንደሩ ሰው እሱን መጥላት የጀመረው ከዚሁ ነው።

ኢንስፔክተር ሮዌና ባላዶ ስትደርስ የጣቢያው ፖሊሶች የቤቱን ባለቤት ልጅ ሬናንቴን ይዘው ሄደዋል። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ፍሬዲን «በገዛ ሴራሚክህ ሥር ነው የምቀብርህ!» ብሎ ሲጮህ ያልሰማ ጎረቤት የለም። ሬናንቴ መርከበኛ ነው። በማግስቱ ይሳፈራል፤ ካልተሳፈረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ሮዌና ሥራውን የተማረችው ባሕር ማዶ ነበር። ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ ሁለት ነገር አታምንም፦ ቶሎ የተገኘ ገዳይንና የራሷን ፍርድ። ጫማዋን አውልቃ ገባች።

የቤቱ ባለቤት ኢሉሚናዳ፣ መንደሩ ‹ማናንግ›፣ እትዬ እንደ ማለት፣ የሚላቸው፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ልጄን መልሱልኝ እንጂ ለእሱስ አላለቅስም።»

«ምን አድርጎዎት ነው?»

«ምን ያላደረገኝ አለ? የመረጥኩትን ትቶ ሌላ ቀለም አመጣ። ነገ እመጣለሁ ይልና ስልኩን ይዘጋል። ይኸው፣ የወለሉ ሥር ባዶ ነው፣ ስሚው!» ከቦርሳቸው ሳንቲም አውጥተው ወለሉን ሊያንኳኩ ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። «አንቺው አንኳኪው፣ ልጄ። እኔ አንዴ ከተንበረከክሁ የሚያነሳኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሮዌና ሳንቲሙን ተቀብላ እየዳኸች አንኳኳች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሁሉም እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ሬሳው አጠገብ ስትደርስ ግን አንዱ ሴራሚክ ድፍን ድምፅ ሰጠ። ደግማ መታችው፤ ድፍን ነው። ጠርዙን በጥፍሯ ብትጭረው ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። የሟቹን እጆች ገልብጣ አየች። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው።

የፍሬዲ ሚስት ወንድምና የሥራ ባልደረባው አርኔል ግቢ ውስጥ ሲጋራ ያጨሳል።

«ዛሬ ሴራሚክ ቀይረሃል?»

«እኔ? ከሳምንት ወዲህ እዚህ ደርሼም አላውቅ። ፍሬዲ ቀይሮ ይሆናል። አሮጊቷ ‹ባዶ ጮኸ፣ ባዶ ጮኸ› እያለች ጆሯችንን በልታው ነበር።»

«ለምንድነው የሚጮኸው?»

«አምስት ጉብታ ሲሚንቶ ነዋ! አራት ጥግ ጥጉ ላይ፣ አንድ መሃል፣ ከዚያ ጫን። ያስተማረኝ እሱ ነው። ሥሩን ማን ያያል?»

«ከሱ ጋር ትዋደዱ ነበር?»

«እሱን የሚወድ ሰው ካገኙ ያስተዋውቁኝ።»

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ማኖንግ፣ ማለት ጋሼ፣ ክሪስፒን ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ ናቸው። ፍሬዲ የእሳቸውንም ወለል ሠርቶ ነበር። በዝናቡ ወራት ሴራሚኩ ተነቃቅሎ ሚስታቸውን አደናቀፋቸው፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሮዌና በባዶ እግሯ ሳሎናቸውን አቋርጣ ሄደች፤ እዚህም እዚያም አንኳኳች። ሁሉም ድፍን ነው።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ! የሱን ቆሻሻ አፍርሼ፣ አንድ በአንድ።» ፊታቸው በራ። ከግድግዳው ምስማር ላይ፣ ከመጋዝ ብረት ሞርደው የሠሩትን ባለ ጥርስ መለቅለቂያ አወረዱ። «ሲሚንቶውን ሙሉውን ትቀቢዋለሽ። ከዚያ በዚህ ባንድ አቅጣጫ ታበጥሪዋለሽ። አየር አይቀርበትም።»

«መሃሉ ላይ አንድ ጥርስ ጎድሎታል።»

«እንደኔው አርጅቷል። ግን ይሠራል።»

«ባለቤትዎ ወለሉን ወደዱት?»

መለቅለቂያውን መልሰው ሰቀሉት። «ከአልጋ አልተነሳችም። አንድ ቀን እንኳ አልረገጠችውም።»

«ዛሬ ማናንግ ኢሉሚናዳ ቤት ሄደው ነበር?»

«የዚያን ሰው ፊት ለማየት ምን ወሰደኝ?»

አመሻሹ ላይ ፎቶው ተነሥቶ ሬሳውም ከወጣ በኋላ ሮዌና ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬናንቴንም በካቴና እንደታሰረ አስመጣችው።

«ውሃ አዳለጠው እንድንል ባልዲ ተደፍቷል» አለች። «ሰው ሲወድቅ ግን ሴራሚክ አይቀየርም።» ድፍኑን ሴራሚክ በቢላ ፈልቅቃ አነሣችው። «እዚህ የነበረው ተሰብሮ ነበር። ከፍሬዲ ዕቃ መካከል መዶሻው የለም። መዶሻው ፍሬዲን መትቶ ሲወድቅ ሴራሚኩን ሰበረው። የተሰበረ ወለል ደግሞ ‹አዳልጦት ነው› አያሰኝም። ስለዚህ ገዳዩ ስባሪውን ነቅሎ ሌላ ተካበት።»

«ፍሬዲ ራሱ ቢሆንስ የቀየረው?» አለ አርኔል።

«ጥፍሩ ላይ ሲሚንቶ የለም። ማናንግ መንበርከክ አይችሉም። ሬናንቴስ ማንጠፍ ያውቃል?»

«እሱ?» አሉ እናቱ። «አልጋውን እንኳ አያነጥፍም!»

«እማዬ!» አለ ሬናንቴ።

ሮዌና ወደ አርኔል ዞረች። «በሩ ጋ ያልተሞላ ቦታ አለ። ሲሚንቶም ሴራሚክም ይኸው። እስቲ አንጥፍ።»

አርኔል ትከሻውን ነቀነቀ። አምስት ጉብታ ጠብ ጠብ አድርጎ ሴራሚኩን ሊያስቀምጥ ሲል፣

«ተው!» አሉ ማኖንግ ክሪስፒን። «ሰው ይረግጠዋል እኮ! እንዲህ አይደረግም፣ ሰው ይረግጠዋል!»

ሮዌና የፈለቀቀችውን ሴራሚክ ገልብጣ ወደ ሽማግሌው አዞረችው።

«ቀን ላይም የሆነው ይኸው ነው» አለች ሮዌና ቀስ ብላ። «ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው፣ ሰው መጣ አልመጣ እያሉ፣ እጅዎ ባዶ ሴራሚክ ማስቀመጥ እምቢ አለ፤ መለቅለቂያዎን ከቤትዎ አመጡ። እንደ አርኔል አድርገውት ቢሆን አንኳኩቼ አልፈው ነበር። ይዩት፤ ሲሚንቶው ሙሉውን ተቀብቷል፣ ባንድ አቅጣጫ ተበጥሯል። እዚህ መሃል ላይ ደግሞ አንዱ መስመር ሰፍቷል። የጎደለው ጥርስ ነው፣ ማኖንግ።»

ሽማግሌው መስመሩን በጣታቸው ዳበሱት።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት። ሚስቴ ዘንድ ገብተህ ይቅርታ በላት፣ ሌላ አልፈልግም አልኩት። ከነጫማው ቆሞ ሳቀብኝ። ‹አሮጊት ከሆነች አይታ ትርገጥ› አለኝ። መዶሻው አጠገቤ ነበር።»

«እኔስ?» አለ ሬናንቴ የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ። «ሲወስዱኝ በአጥሩ ላይ እያዩኝ ነበር።»

«እኔ ከታሰርኩ ማን ያገላብጣታል ብዬ ነው።»

«በልጄ ሕይወት ነዋ!» ጮኹ ማናንግ ኢሉሚናዳ። «ፍሬዲስ ወለሌን ነው ያበላሸው። እርስዎ ልጄን ሊያስበሉብኝ!»

ካቴናው ከሬናንቴ እጅ ወልቆ ማኖንግ ክሪስፒን እጅ ላይ ገባ። ሮዌና አልጋ ላይ ላሉት ሴትዮ አንድ ሰው እንዲሄድ አዘዘች፤ ሄዶ ምን እንደሚላቸው ግን አላወቀችም። ትክክል ነበረች፤ ከዚህ ቀደም ትክክል መሆን እንዲህ ከብዷት አያውቅም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆም አሉ። ፖሊሱ ገፋ አደረጋቸው። ታስረውም ቢሆን አምስቱን እርጥብ ጉብታዎች ላለመርገጥ እግራቸውን አንሥተው ዞረው ወጡ።

አርኔል እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ ሴራሚኩን አስቀምጦ ጫን አደረገው።