ለዘፈን የተላከው ሙሾ

«የአልቃሿ ልጅ፣ እስቲ አንዴ አስጨፍሪን!» አለች ሀብትነሽ ከኋላ ሆና። መምህሩ ገና ክፍል አልገቡም ነበር። ሀብትነሽ ዴስኩን እየደበደበች፣ ትከሻዋን እየነቀነቀች ዘፈኑን ለቀቀችው።

ሁሉም ከገበያ ቤቱ ገባ ማታ፣
አንተን ግን ምን ይሆን ያቆየህ ጨዋታ።

«ጨዋታ! ጨዋታ!» ብለው ተቀበሏት ልጆቹ፤ ልክ አዲሱ የዘፈን ሸክላ ላይ እንዳለው።

አቻምየለሽ ደብተሯን ገልጣ ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ላይ አፈጠጠች።

«ምነው ዝም አልሽ? የኔ አባት ቢሞት እናትሽ ጊታር ይዛ ነው የምትመጣው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ሲገቡ ሳቁ ቆመ። የአቻምየለሽ ጆሮ ግን እስከ መውጫው ደወል ድረስ ሲግል ዋለ።

ነገሩ የፈነዳው ባለፈው ቅዳሜ፣ በፍኖተ ሰላም ገበያ ነው። መንገድ ዳር ያለው መጠጥ ቤት ከአዲስ አበባ የመጣለትን አዲስ ሸክላ በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ሳክስፎኑ ሲጀምር የአውቶቡስ ረዳቶች እንኳ ትከሻቸውን መግታት አልቻሉም። እትዬ እህተ ማርያም ጨው ገዝተው በዚያ ሲያልፉ ቃሉን ሰሙ። ቆሙ። ከዚያ ጨዋቸውን እንዳቀፉ መንገዱ መሀል ቁጭ አሉ።

ቃሉን ያውቁታል። ባለፈው ዓመት ግንቦት ልጃቸው ቢሆነኝ ከገበያ ሲመለስ ላህ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ወሰደው። ሬሳው በሦስተኛው ቀን ሲገኝ የአቻምየለሽ እናት ካሰች ለቅሶው መሀል ቆማ ያወረደችው ሙሾ ነው። ካሰች እስከ ሽንዲ ድረስ የምትጠራ አልቃሽ ናት። ለአንዱ ሟች ያወረደችውን ለሌላው አትደግምም። «ሙሾ እንደ መግነዝ ነው፤ አንዱ ለአንድ ሰው ነው» ትላለች። ሟቹ ሲታሰብ በዚያ ቤት ይነሣል እንጂ ሌላ ቦታ አይሰማም።

ሸክላው ላይ የታተመው የግጥም ደራሲ ስም «ደረሰ» ይላል። ደረሰ የካሰች ታናሽ ወንድም መሆኑን ደግሞ የማያውቅ የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ሁሉ ፈረደ፤ ካሰች የቢሆነኝን ሙሾ ለወንድሟ ሸጠች ተባለ። የሙት ዓመቱ መታሰቢያ የፊታችን እሁድ ነው። ለእሱም ከቡሬ ሌላ አልቃሽ ተጠራች።

ካሰች አልሸጠችም። ከራሷ ሌላ ይህን በአገሩ የምታውቀው አቻምየለሽ ብቻ ነበረች።

አጎቷ ደረሰ ቅኔ ቤቱን ጥሎ አዲስ አበባ ከገባ ዐሥር ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ሎተሪ አዞረ። ከዚያ ለዘፋኞች ስንኝ ይቋጥር ጀመር። አሁን ዘፋኙን ራሱ ይመርጣል፤ ባንዱን ይቀጥራል፤ የተቀዳውን የድምፅ ክር ውጭ አገር ልኮ ሸክላ ያስወጣል። ጥቅምት ላይ «እዚህ ግጥም ነጥፎብኛል፤ እስቲ የምትሞክሪውን ላኪልኝ» ብሎ ጻፈላት። አቻምየለሽ ስለ ጨረቃና ስለ አደይ አበባ የጻፈቻቸውን አራት ግጥሞች በንጹሕ ጽሕፈት ገለበጠች። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ባዶ ቦታ ተረፈ። እዚያ ላይ የእናቷን ሙሾ ጨመረች። «ቢሆነኝ» የሚለውን ስም ብቻ አውጥታ «ሆድዬ» አለችው። ስሙ ከወጣ የማንም አይደለም ብላ ነበር።

የአጎቷ መልስ አጭር ነበር፤ «አራቱን ተዪያቸው። የመጨረሻው የማን ነው?» ይላል። አንድ ቀን ሙሉ አሰበች። ከዚያ «የኔ ነው» ብላ ጻፈች።

ሀብትነሽ ያፌዘችባት ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረሰ ከአዲስ አበባ መጥቶ አገኘችው። በባትሪ የሚሠራ፣ ሻንጣ የመሰለ ሸክላ ማጫወቻ መደቡ ላይ ተከፍቷል። እናቷ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች።

«አጫውተው» አለች እናቷ።

ደረሰ ፈገግ ብሎ መርፌውን አሳረፈ። ካሰች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትነቃነቅ ሰማችው።

«ዜማው መልካም ነው» አለች ሲያልቅ። «ልጁ ግን በጨዋታ አልቀረም።»

«የቱ ልጅ፣ እታለም?»

«ቢሆነኝ። ወንዝ የበላው። ይኸ የሱ ሙሾ ነው፤ እኔ ነኝ ያወረድሁት። ማን ሰጠህ፣ ደርሴ?»

የደረሰ ፈገግታ ጠፋ። ቀስ ብሎ ወደ አቻምየለሽ ዞረ። እሷ ድምፅ አልባ ሆኖ ከሚዞረው ሸክላ ላይ ዐይኗን መንቀል አቃታት።

«ከሰው አፍ ነው የሰማሁት» አለ በመጨረሻ። «አዲስ አበባ ስንት ያገራችን ሰው አለ።»

«እኔ አምንሃለሁ፤ ሰው ግን አላመነኝም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳለቅስ አንድም ቤት በር ዘግቶብኝ አያውቅም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ደረሰ አቻምየለሽን ወደ ደጅ ጠራት። ባሕር ዛፎቹ ሥር ሲደርሱ፣ «ለምን ዋሸሽኝ?» አላት።

«ስሙን አውጥቼው ነበር፣ አያ...»

«ስሙን ብታወጪው ልቅሶው ይወጣል? ሙሾ መሆኑን ባውቅ ‹ጨዋታ›ን አዝማች አደርገው ነበር? ሸክላ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሰው ይዞት የሚሄደው አዝማቹን ነው። እኔ ኮረዳ ጓደኛዋን ስትናፍቅ ነበር የታየኝ።» ቁጣው ግን አልቆየም። ጫማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቃ፣ የሆነው ሆኗል። ዘፋኙ ሌላ አምጣልኝ እያለ ነው። አንቺ ጆሮ አለሽ፤ ከመቶ ስንኝ አንዱን መምረጥም ሙያ ነው። የኔስ ሥራ ምን መሰለሽ? ስምንተኛን ስትጨርሺ እኔ ጋ ሆነሽ ትማሪያለሽ። በሚቀጥለው ሸክላ ላይ ያንቺ ስም ይታተማል።»

አቻምየለሽ ስሟ ጥቁር ሸክላ መሀል ላይ በክብ ሲታተም ታያት።

«የናትሽን ሙሾዎች ታውቂያቸዋለሽ አይደል?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«የሩቅ ቤቶቹን ምረጪ። የሽንዲን፣ የገበዝ ማርያምን፤ እዚህ ማንም የማይለየውን። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ሳይነሣ ስጪኝ።»

«የእምዬስ ነገር?»

«ሁለት ክረምት ሲያልፍ ይረሳል። አንቺ ብቻ እንዳትናገሪ። ከተናገርሽ እናትሽ እኔ ጋ አትሰድሽም። ያገሩም ሰው እስክታረጂ ‹የሙሾ ሌባ› እያለ ይጠራሻል።»

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ስንኝ ጻፈች። ሙሾው ሽንዲ ላይ በወሊድ ለሞተች ሴት የወረደ ነበር፤ እናቷን ተከትላ ሄዳ ለቅሶውን አይታለች። ባልየው አልጮኸም። የሚስቱን መቀነት እጁ ላይ ጠምጥሞ ሲፈታ፣ ጠምጥሞ ሲፈታ ነው የዋለው። አቻምየለሽ የሴትዮዋን ስም ልታወጣው ብዕሯን አነሣች። የሚተካው ቃል ግን አልመጣላትም።

እናቷ በዚያው ሰዓት ለእሁድ ያጠበችውን ጥቁር ነጠላ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

«እሁድ አንቺ ሂጂ» አለቻት ሣጥኑን እየዘጋች። «ከቤታችን አንድ ሰው ይታይ። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

አቻምየለሽ ስንኙ የተጻፈበትን ወረቀት ጭምድድ አድርጋ እጇ ውስጥ ደበቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ አውቶቡሱ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ይጮኻል።

«አመጣሽው?»

«አልጻፍሁም፣ አያ።»

«ጠፋብሽ?»

«አልጠፋብኝም። ሁሉንም አስታውሳቸዋለሁ።»

ደረሰ ዐይን ዐይኗን አያት። «እና አሁን ወዴት ነው?»

«እነ ቢሆነኝ ቤት።»

የሚመልሰውን ሳትጠብቅ መንገዱን ተሻገረች። ከኋላዋ ስሟን አንድ ጊዜ ጠራ፤ ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ጠፋ።

እነ እትዬ እህተ ማርያም ግቢ ሴቶች ተሰብስበው ለነገው ስንዴ ይለቅማሉ። አቻምየለሽ በሩ ላይ ስትቆም ወሬው ቀጥ አለ።

«እናቷ አፍራ ልጅቱን ላከቻት» አለች አንዷ፣ እንዲሰማ አድርጋ።

እትዬ እህተ ማርያም ሰፌዳቸውን መሬት አስቀመጡ። ዐይናቸው ቀልቷል። «ማን ላከሽ፣ ልጄ?»

«ማንም አልላከኝም። እምዬ መምጣቴን አታውቅም።»

መንገዱን ሙሉ ስትደረድረው የመጣችው ንግግር አንድም ቃል ሳይተርፍ ጠፋባት።

«ሙሾውን ለአጎቴ የላክሁት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነጠላዋ ውስጥ ቀረ።

«ምን አለች? ምን አለች?» ተባባሉ ሴቶቹ።

አቻምየለሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ደፉን ተሻግራ ሁለት እርምጃ ገባችና እንደገና ጀመረች።