ሳቂታዋ

ትርሲት ጠዋት ጠዋት ከጎብኚ ሁሉ ቀድማ ሙዚየሙ ትገባና፣ ከባዶዎቹ አዳራሾች የሚወጣውን የሰምና የአሮጌ እንጨት ሽታ እየማገች መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ትገልጣለች። ሥራዋ አስጎብኚነት ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ሥራው ኩራትም ሆኖላት ነበር፤ በትልቁ አዳራሽ ለእይታ የቀረቡት ቅርጻ ቅርጾች የባሏ የጌድዮን ናቸውና። ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ፍየል እግሯን አነባብራ ጋዜጣ ታነባለች፤ ቁም ሳጥን እጆቹን ዘርግቶ እንግዳ ይቀበላል፤ በመካከላቸው ከጀሪካን፣ ከቆርቆሮና ከብስክሌት ጎማ የተሠራች፣ ቀሚሷ ወለሉን የሚጠርግ ሴት ቆማለች። ጌድዮን «ሳቂታዋ» ይላታል።

ሰው ሲጠጋት ትስቃለች። የመጣው ሁሉ አብሯት ይስቃል፤ ሽማግሌ እንኳ እንባው እስኪፈስ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንድ ረፋድ ትርሲትም እንደ ሰው ሁሉ ፈገግ አለች፤ ሳቁ መጨረሻ ላይ እንደ ስቅታ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ሲያልቅ ስትሰማ ግን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። የራሷ ሳቅ ነበር።

«ድምፄን መቼ ቀዳኸው?» አለችው ምሳ ላይ።

«የምን ድምፅ?» አለ ጌድዮን ከሳህኑ ቀና ሳይል። «ሴት ሁሉ እንደዚያው ነው የምትስቀው፣ ትርሲትዬ።»

ልትስቅበት አፏን ከፈተች። የወጣው ባዶ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ሳይከፈት ድምፅ ማጉያውን ፍለጋ ከሳቂታዋ ጀርባ ተንበረከከች። ሽቦ የለም፤ ባትሪ የለም። እጇን በቆርቆሮው ክፍተት ብትሰድ፣ ውስጡ ያለው ጨለማ እንደተኛ ሰው ደረት ሞቅ ብሎ፣ ወበቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም የቅቤና የጤና አዳም ሽታ ፊቷን መታው፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምራ ጸጉሯን የምትቀባው። እጇን መንጭቃ አወጣችና ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ነጠላው ዝናብ እንዳጠበው ድንጋይ ምንም አይሸትም።

ለንጹሕ አየር ወደ ግቢው ወጥታ ስትመለስ፣ ለዓመታት «ልጄ» እያሉ የሚጠሯት ዘበኛው ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

«እመቤት፣ ትኬት ይዘዋል?»

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ትርሲት።»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩአት፤ ቀጥሎም በአገጫቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙ። «ትርሲትማ እዚያ ቆማለች፤ አትታይዎትም?»

ገፍታቸው ገባች። ጌድዮን የሳቂታዋን ጉንጭ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋል፤ በተጋቡ ሰሞን የትርሲትን እንባ እንደዚያው ነበር የሚጠርገው፣ በአውራ ጣቱ ጫፍ፣ እየሳሳ።

«ምን ወሰድክብኝ?» ስትል ድምጿ ለራሷም ከሩቅ መጣላት።

«ያልተሰጠኝን አልወሰድኩም» አለ፤ መጥረጉን ግን አላቆመም።

«እኔ ምን ሰጠሁህ?»

አዳራሹ በጎብኚ ሞላ፤ ሰው ትከሻዋን እየገፋ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይል ያልፋል። በዚያ ጫጫታ መሃል የከዘራ ድምፅ ሰማችና ልቧ ዘለለ። እናቷ ናቸው፤ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ካገባች ወዲህ በበዓል በበዓል ብቻ የምታያቸው፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው። ዓለም ሁሉ ቢረሳት የወለደቻት እናት አትረሳትም!

ወይዘሮ ይመኙሻል በአጠገቧ አለፉና ሳቂታዋን አቀፉ። ቆርቆሮውን ግራና ቀኝ ሳሙት፤ የጀሪካኑን ራስ ደረታቸው ላይ አስደግፈው «የእኔ ልጅ፣ የእኔ ዓለም» እያሉ ያሻሹት ጀመር። ሳቂታዋ ሳቀች። ትርሲት የእናቷን ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«እማዬ! እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው ፊቷ ላይ ቆመ፤ እንባ አቀረረ፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። አወቋት! ትርሲት እፎይ ብላ አንገታቸው ሥር ልትሸጎጥ ጎንበስ ስትል፣ እናቷ ጣቶቿን ከክንዳቸው ላይ አንድ በአንድ እያላቀቁ በጆሮዋ ሹክ አሏት፦

«ባልሽ ሲጠይቀኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ትርሲትዬ፤ ይህቺኛዋ ጥላኝ አትሄድም።»