መስኮቱን ክፈቺልኝ

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ አንድ እጁ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ የሆነ ነገር እንደሚፈልግ ተዘርግቷል። ካፖርቱ ግን ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መርማሪው ከሬሳው ይልቅ ካፖርቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ።

የመርማሪውን ስም መሥሪያ ቤቱ ረስቶታል። ሰው ሁሉ «ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ» ሲል እሱ «ቆይማ» ስለሚል፣ ከዘበኛው እስከ አለቃው «ጋሽ ቆይማ» ይሉታል። አለቃው «ፀጉሬን ያሸበተው ይህ ቃል ነው» ይላል፤ ጉልበቱን የሚያመው ቆይማ ደግሞ «ችኩል ሰው አንዱን ደረጃ ሁለቴ ይወጣል» ብሎ ይመልስለታል።

ክፍሉ ያፍናል። የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ ከስፌት በተረፈ ጨርቅ ተወትፏል፤ ነፋስ ቀርቶ ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

«ካፖርታቸውን ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚሰቅሉት?» ሲል አጠገቡ የቆመውን ወጣት ሐኪም ጠየቀው።

«ኧረ የለም። በዚህ ሙቀት ለብሰውት ነው የሚተኙት። ልባቸውን ሳዳምጥ እንኳ ቁልፉን ብቻ ነበር የሚፈቱልኝ።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ልባቸው ደክሞ ነው› ብዬ መፈረም እችል ነበር። ግን ደስ አላለኝም። ሌሊት አስመልሷቸዋል። ደግሞ ያዘዝኩላቸው የልብ ክኒን እስከ ዛሬ ምንም አልሠራላቸውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። አስከሬኑ ይመርመር።»

ተመረመረ። ውጤቱም ሲመጣ አለቃው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ በሟቹ ሰውነት ውስጥ የተገኘው የልብ መድኃኒት ለበሬም ይበዛል። ቤት ያለው ብልቃጥ ሲታይ ግን ክኒኑ በልኩ ተወስዷል፤ የጎደለም የተረፈም የለም። ታዲያ ያ ሁሉ መድኃኒት ከየት መጣ? የክሊኒኩ መድኃኒት ቤት ቁልፍ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ በየጠዋቱ እየመጣች ሽማግሌውን የምታስታምመው ነርስ። ሴትዮዋ ከሌላ አገር የመጣች ናት፤ የሚቆምላት ዘመድ የላትም። አለቃው ወዲያው አሳሰራት።

«ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አለቀ» አለ።

«ቆይማ» አለ መርማሪው።

* * *

የሟቹን ልጅ፣ የአባቱን ሙያ የወረሰውን ልብስ ሰፊ፣ እታች ቤት ባለው የስፌት ክፍል የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘው። ዓይኑ ቀልቷል፤ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም።

«ሴትዮዋ አባቴን ትጸየፋቸው ነበር፣ ጌታዬ» አለ ቀና ሳይል። «በነካቻቸው ቁጥር እጇን ትታጠባለች። እንደ ቆሻሻ! እኛ ዝም አልን፤ እንግዳ ናት ብለን። ደግሞ በየጠዋቱ መስኮት ትከፍትባቸዋለች። እኛ ቤት የታመመ ሰው ላይ መስኮት አይከፈትም። ነፋስ ከበሽታው ቀድሞ ይገድላል። እሷ ግን የወተፍነውን ጨርቅ እየነቀለች ትከፍተዋለች! ይህ የጤና ነው?»

«በየጠዋቱ?»

«በየጠዋቱ! እህቴን ይጠይቋት።»

«ጨርቁን የወተፈው ማነው?»

«አባባ ራሳቸው ናቸው። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው። እኔ ልሥራልዎ ብላቸው እንቢ አሉኝ።»

ቆይማ ጉልበቱን እያሸ ተነሣ። ጨርቅ የወተፈ ሰው መስኮት ሲከፈትበት በየጠዋቱ እንዴት ዝም ይላል? ይህቺ ነገር ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ቆረቆረችው።

ነርሷ እስር ቤቱ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች ትናገራለች።

«እጄን የምታጠበው ለእሳቸው ብዬ ነው፣ ጌታዬ። ወደ እሳቸው የምመጣው ከሌላ በሽተኛ ቤት ነው። ስወጣም ወደ ሌላ ነው የምሄደው።»

«ይህን ለቤተሰቡ ነገርሻቸው?»

«እኔ ባደግኩበት ይህ አይነገርም፤ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ያስቀየምኳቸው አልመሰለኝም።»

«መስኮቱንስ?»

«የሚያዙኝ እሳቸው ናቸው! ክኒኑን አፋቸው ውስጥ አድርገው ውሃ ይጎነጫሉ፤ ከዚያ ‹ልጄ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ፣ ታፈንኩ› ይላሉ። ጨርቁ እስኪነቀል ጊዜ ይወስዳል። ገና ከመክፈቴ ደግሞ ‹ዝጊው፣ በረደኝ› ይሉኛል። የበሽተኛ ነገር ብዬ ችዬ ኖርኩ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ነገ እኔን የሚያምነኝ ሰው አለ?»

ቆይማ ተነሣ። የማይሆን ተስፋ መስጠት አይወድም። ግን ከዚያ ሲወጣ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ መንገዱን በፍጥነት ነው የተራመደው።

* * *

ትልቋ ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። ትዳሯንም ዕድሜዋንም ለአባቷ የሰጠች፣ ከንፈሯ የደረቀ ሴት ናት። ቆይማን ስታይ መቀመጫውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

«አባትሽ ክኒን ይወዱ ነበር?» አላት ተቀምጦ።

ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «ክኒን? ጠላታቸው ነው እንጂ። እናታችን ሆስፒታል ክኒን ዋጠች፣ በማግስቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ አባባ ‹ክኒን ሆድ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ መርፌ ግን ደም ለደም ይሄዳል› ነው የሚሉት። ሐኪሙን ‹መርፌ ውጋኝ፣ ልጄ› ብለው ለመኑት። ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ ልጅ ነው። አባባ ግን ከዚያ በኋላ አፋቸውን ዘጉ።»

«የመጨረሻውን ምሽት ምን በሉ?»

«ሾርባ። ጨርሰው ጠጡልኝ!» አለች፤ ፊቷም ድንገት በራ። «ስንት ቀን አፋቸውን አልከፍት ብለውኝ፣ ያን ምሽት ግጥም አድርገው ጠጡልኝ። ካፖርታቸውን ላጸዳው ወስጄባቸው ነበር። ‹ስጪኝ› ሲሉ ‹መጀመሪያ ይጠጡ› አልኳቸው። ሲጨርሱ ከላያቸው ላይ ደረብኩላቸው፤ እንደዚያው ተኙ።»

ቆይማ ከሾርባው ድስት አጠገብ ክዳኑ ያልተገጠመ የማር ብርጭቆ አየ። «ይህስ?»

«ሾርባው ውስጥ ጨመርኩበት። እንዳይመራቸው።»

«ሾርባ ይመራል እንዴ፣ ልጄ?»

በሩን አየች፤ ወንድሟ እታች የሚነዳው የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። «የአባቴን ገመና ለሰው አልናገርም፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ውሸታም ሰው ዓይን አይሰብርም፣ ዓይን ያወጣል እንጂ። ቆይማ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አልተጫናትም። ወደ ሟቹ ክፍል ወጣና ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዶ ገበሩን ገለበጠ። በቀኝ በኩል፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ፣ የመርፌ ቀዳዳዎች በጨርቁ ላይ ቀርተዋል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ እንደ ሰካራም እግር። ክሩ ግን የለም። በእነዚያ ቀዳዳዎች አጠገብ ሌላ ስፌት አለ፤ አዲስ፣ ጥብቅና እንደ ገመድ የቀና። ቆይማ በሰንጢው ጫፍ ፈታው። ውስጡ ባዶ ነው። ጣቱን ሲሰድ ነጭ ዱቄት ተጣብቆበት ወጣ። ቀመሰውና ፊቱን አጨማደደ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር ገብቶታል፤ ባይገባው ደስ ባለው ነበር።

* * *

በማግስቱ፣ ፍርድ ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ሁሉም በስፌቱ ክፍል ተሰበሰቡ። ነርሷ ከጠባቂዋ ጋር ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፤ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አለቃው በሩ ላይ ቆሟል። ካፖርቱ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

«ሟቹ ነፋስን ከበሽታ በላይ የሚፈራ ሰው ነበር» አለ ቆይማ። «መስኮቱን በገዛ እጁ የደፈነ። ይህ ሰው በየጠዋቱ ነርሷን መስኮት ክፈቺ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ዝጊ ይላታል። ነፋሱን ፈልጎ አይደለም። ጀርባዋን ፈልጎ ነው።»

«ጀርባዋን?» አለ ሐኪሙ።

«ክኒኑን ከአፉ የሚያወጣበት ጊዜ ፈልጎ። ክኒን ድንጋይ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። አንድ ጊዜ ነገረዎት፤ ሳቁበት። ከዚያ ወዲያ ከመከራከር መደበቅን መረጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ደግሞ መድኃኒቱን ደበቀ። ለዚህ ነው ያዘዙለት ያልሠራው፣ ዶክተር። አንዱንም አልዋጠም።»

ሐኪሙ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«የት አደረገው? ልብስ ሰፊ ነው። ካፖርቱ ገበር ውስጥ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ ኪስ ሰፋ። እነሆ ጠማማዎቹ ቀዳዳዎች፤ ክር ይፈታል እንጂ የመርፌ ቀዳዳ አይጠፋም። ካፖርቱን በሙቀትም የማያወልቀው ለዚህ ነው። የገደለው መድኃኒት ከክሊኒክ አልመጣም፤ እዚችው ጉያው ውስጥ ነበር። ይህች ሴት ንጹሕ ናት።»

ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ታዲያ ማን አወጣው?» አለ አለቃው ትዕግሥቱ አልቆ።

«ቆይማ። መጀመሪያ ማን እንደሰፋው ልንገርህ። ይህ ቀጥ ያለው ስፌት የባለሙያ ነው። የሽማግሌው እጅ ይህን መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ማታ ካፖርቱ ከላዩ ላይ ተደርቦ ነበር፤ ጠዋት ግን ምስማር ላይ ነው። በመሐል አንድ ሰው ከሬሳው ላይ አንሥቶ ኪሱን አጥፍቶ ሰፍቶታል። አባቱ ለብሶት እንደሚተኛ ስለሚያውቅ ሊያለብሰው ሞከረ፤ የደረቀ ክንድ ግን እጅጌ ውስጥ አይገባምና ምስማር ላይ ሰቀለው። በዚህ ቤት እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ልብስ ሰፊው ድንገት ብድግ ሲል መቀመጫው ወደ ኋላ ወደቀ።

«እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ጻፉ! እሰሩኝ! ሌላ ነገር አይናገሩ፣ ጌታዬ፣ ስለ አምላክ ብለው ሌላ ነገር አይናገሩ!»

ዓይኑ ቆይማን ነበር የሚለምነው፤ ጉንጩ በእንባ ርሷል። ቆይማ ዝም ቢል ሁለቱም ወገን እፎይ ይል ነበር፤ ነርሷ ትፈታለች፣ አለቃው ደስ ይለዋል፣ ይህም ወጣት ወዶ የገባበትን ይሸከማል። ነገር ግን ያልገደለ ሰው በገዳይነት ይፈረድበታል። ትናንት ለነርሷ ያልፈቀደውን ዛሬ ለዚህ ልጅ እንዴት ይፍቀድ?

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አለው በቀስታ። «አንተ የዋሸኸው ስለምትወዳት ነው። ግን ነርሷ ላይ የሌለባትን ጫንክባት፤ ገደል አፋፍ አድርሰሃት ነበር።»

«ማንን ስለሚወድ?» አለች እህቱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ እሷን እያየ እሷ ወንድሟን ታያለች። «ምንድን ነው የምትሉት? ክኒኑን እኮ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ካፖርቱን ሳጸዳ። ወንድሜ ‹አባባ በእልኸኛነታቸው ሞቱ እንዳይባል ለማንም አትንገሪ› ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።»

«እትዬ፣ በቃ» አለ ወንድሟ።

«ለምን በቃ? ምን አጠፋሁ? ዶክተር መድኃኒታቸውን ካልወሰዱ አይድኑም ብለው ነበር። ሳገኘው ያ ሁሉ ያልተወሰደ መድኃኒት! ያለፈው ምግብ ሰው ሲርበው ይካሳል፤ ያለፈውን እንቅልፍም ሰው ይተኛዋል። ያለፋቸውን ወቀጥኩና በሾርባ ሰጠኋቸው። እንዳይመራቸውም ማር...»

እዚህ ላይ ቆመች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ቆይማ ማየት አልቻለም፤ ወደ ካፖርቱ ዞረ።

«ግን የሚያድናቸው መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ለምን... ለምን አልጠየቁኝም?» አለ ሐኪሙ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ሁልጊዜ ‹ገባችሁ?› እላችሁ ነበር። ‹ገባን› ትሉኝ ነበር!»

«ሐኪም ቆሞ እየተናገረ ማን አልገባኝም ይላል፣ ጌታዬ? ነውር አይደለም?»

አለቃው ወደ ጠባቂው ዞረ። ነርሷን ፍቱ አለ፤ ልብስ ሰፊው ለሐሰት ቃሉ ከእርሱ ጋር እንደሚሄድ፣ የእህቱን ነገር ደግሞ ዳኛ እንደሚያየው ተናገረ። እንደ ልማዱ «አለቀ» አላለም። ነርሷ ስትወጣ ልብስ ሰፊው ፊት ቆመች።

«ስለ እጄ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አለችው። «እኔም ስለ ነፋሱ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሐኪሙ ግን አልወጣም። የወደቀውን መቀመጫ አንሥቶ ከትልቋ ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጠ። መድኃኒቱ ልብን እንዴት እንደሚይዝ፣ በልኩ ሲሆን እንዴት እንደሚያጸና፣ ሲበዛ እንዴት እንደሚያቆም፣ ያለፈው ለምን እንደማይካስ ነገራት። በመጨረሻም ከልማዱ የተነሣ «ገባዎት?» አለ።

ከልማዷ የተነሣ አንገቷን መነቅነቅ ጀመረች። ከዚያ ተወችው። የአባቷን ካፖርት ከጠረጴዛው ላይ ስባ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አልገባኝም» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ።»

ሐኪሙም ከመጀመሪያው ጀመረ።