ገልብጪልኝ

በስፌት ፋብሪካው መግቢያ፣ ከዘበኛው ወንበር በላይ፣ የሠራተኛው ሁሉ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ጎኗ ቀይ፣ ሌላው ነጭ የሆነ ክብ ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች። የገባ ወደ ነጭ፣ የወጣ ወደ ቀይ ይገለብጣል። ታክሲ ያጣች ወይም ልጇ ያመማት ደግሞ ለጓደኛዋ ደውላ «ገልብጪልኝ» ትላለች፤ ዘበኛውም ሰው ነውና አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የስፌት መኪናቸው ጎን ለጎን የሆነው እታፈራሁና ትርንጎ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዳቸው ለሌላቸው ሲገለብጡ ኖረዋል።

በመጋቢት ወር ሠላሳ ሰው ተቀነሰ፤ ትርንጎም አንዷ ሆነች። ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች፣ መቀሷን ለእታፈራሁ ሰጠችና ሄደች። እታፈራሁን መትረፏ ራሱ እንደ ሌብነት ቆጠቆጣት።

በማግስቱ የራሷን ከገለበጠች በኋላ እጇ ሳታስበው የትርንጎንም ገለበጠ። የተባረሩትን ቆርቆሮ አውርድ የተባለ ሰው ስላልነበረ ሁሉም በየቦታው ነበር። ልትመልሰው አለችና አሳዘናት። ምን ይጎዳል ብላ ተወችው፤ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ወደ ነጭ፣ በየማታው ወደ ቀይ ገለበጠችላት።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ትርንጎ ጸጉሯን የምትቀባው የጥቁር አዝሙድ ቅባት ከጨርቁ አቧራና ከመኪናው ዘይት ተለይቶ ከባዶው ወንበር በኩል ይሸታት ጀመር። ከዚያ ድምፁ መጣ። ያ ሁሉ መኪና በአንድ ላይ ሲያጓራ የአንዱን መለየት ለእንግዳ ጆሮ አይሆንም፤ እታፈራሁ ግን ትርንጎ የጨርቁ ጥግ ላይ ስትደርስ ሁለቴ ረገጥ አድርጋ እንደምታቆም ታውቃለችና ያንኑ በግራዋ ሰማች። ዞር ስትል መኪናው እንደተሸፈነ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ያልሰፋቻቸው ኮሌታዎች ከሥራዋ ጋር ታስረው አገኘች፣ ጥግ ጥጋቸው ሁለት ሁለት ጊዜ የተረገጠ። ጨርቁ ገና ሞቅ ይል ነበር።

አለቃው ቆጠረና ሳቀ። «እታፈራሁ፣ አንቺ ካለሽማ ሌላ ሰው ምን ይሠራልናል?»

ሁለተኛ ዝርዝር እንደሚወጣ ሰምታለች። ልጆቿን አሰበችና እሽጉን በስሟ አስመዘገበች።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ብርቱካን ገዝታ ትርንጎን ልትጠይቅ ሄደች። አልጋ ላይ ናት፣ በጣም ከስታለች። ጸጉሯ ላይ ፋብሪካው በዚያ ሳምንት ይሰፋው የነበረው ሰማያዊ ጨርቅ ብናኝ አለ፤ ጣቶቿ በመርፌ ተወጋግተዋል።

«ከቤት ሳልወጣ ይደክመኛል፣ እታፈራሁ» አለቻት። «ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲል እግሬ መርገጡን ይጀምረዋል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይተወኛል። ህልም ነው እንዳልል ዓይኔ ክፍት ነው።»

እታፈራሁ ብርቱካኑን እንኳ ሳታስቀምጥ ወጣች።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመች። ዝርዝሩ የሚወጣው ዓርብ ነው። አንድ ቀን ብቻ ልጨምር ብላ ገለበጠችና ገባች፣ ቀኑን ሙሉም ያ መኪና በግራዋ እያዘገመ ሲያቃስት ሰማች። ሐሙስ ግን አልቻለችም፣ ቆርቆሮውን በቀዩ ተወችው። በግራዋ ጸጥ አለ። ሥራዋም በግማሽ ወረደ፣ ዓርብ ደብዳቤው ደረሳት።

በቀኟ የምትቀመጠው ሰዓዳ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። «እትዬ፣ ባዶ ወንበርሽን እንዴት አድርጌ አየዋለሁ? እኔስ እንደሄድሽ አልቆጥረውም!»

እታፈራሁ ስለ ቆርቆሮው ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ምን ትበላት? የጓደኛዬን ላብ ስበላ ከረምኩ? አፈረች። መቀሱን ሰጥታት ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝታ ተመልሳ ጋደም አለች። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ብርድ ልብሱን አሙቃዋለች፣ ደጁም ጭር ብሏል። ከስንት ዓመት በኋላ ሰውነቷ ቀለላት፤ ጥፋቷን የካሰች መስሎ ተሰማት። ሰዓዳ ይኼኔ ሰሌዳው ፊት ቆማ ስሜን እያየች ይሆናል ብላ አሰበች፣ የልጅቷ ደግነትም ሆዷን አባባው።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀኝ እግሯ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብሎ መርገጥ ጀመረ።