ፉርሽካ ፉርሽካ የሚለው ዓሣ

እኔ አንዴ የሰማሁትን አልረሳም። ክርስትና ስነሳ ቄሱ ማስነጠሳቸውን አስታውሳለሁ፤ ያውም ሁለቴ። «እምዬ፣ ባለፈው እንዲህ አላልሽም» የሚል ልጅ ካለ አሁኑኑ ወጥቶ ጨለማው ውስጥ ይቀመጥ። አለ? የለም። ደግ።

ድሮ ነው። ሐይቅ ዳር ባለ መንደር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ሰው በማይሄድባት ቀጭን መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ስሙ... ስሙ... እንየው። አያችሁ? አልረሳሁም።

እንየው ዓሣ አጥማጅ ነው። አባቱም አጥማጅ፣ አያቱም አጥማጅ። ሚስቱ አትጠገብ ደግሞ ጓሮ ኩሬ አስቆፍራ፣ ፉርሽካ እያበላች ዓሣ ታረባለች። ገበያ አብረው ነው የሚቀመጡት፤ የእሱ ዓሣ በዚህ፣ የእሷ በዚያ። እሱ ታዲያ አጠገቧ ቆሞ «የሐይቁን ውሰዱ፤ የኩሬ ዓሣ ደግሞ ዓሣ ነው እንዴ? ዶሮ ነው እንጂ» ይላል። እሷ ዓሣዋን ትደረድራለች።

ኋላ ሐይቁ ነጠፈበት። መረቡን ይጥላል፤ ሣር ያወጣል። መረቡን ይጥላል፤ ጫማ ያወጣል፤ እሱም የአንድ እግር። ባዶ እጁን ቢመለስ ገበያው ምን ይለዋል? ሚስቱስ? ያ ሁሉ ጉራ የት ይግባ?

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሌሊት እየተነሳ ከሚስቱ ኩሬ ይሰርቅ ጀመር። ዓሣውን በቅርጫት ይሞላል፣ የአጥሩን በር ቀስ አድርጎ ይዘጋል፣ ሐይቅ ወርዶ መረቡን ውሃ ያስነካል፣ ከዚያ «ኡፍ፣ ሐይቁ ዛሬ ገደለኝ» እያለ ይመለሳል። አትጠገብ ኩሬዋ ሲራቆት «አቆስጣ ነው የሚበላብኝ» ትላለች። አቆስጣ ታውቃላችሁ? ከውሃ እየወጣ ዓሣ የሚበላው አውሬ። «አይዞሽ፣ እኔ እይዝልሻለሁ» ይላታል። አያፍርም።

በዚያ ሐይቅ ወግ አለ። አጥማጅ መጀመሪያ የያዘውን ዓሣ ውሃው ውስጥ ለሚኖረው ለሐይቁ ባለቤት መልሶ ይወረውራል። እንየው ይህን ወግ ትቶት ሰንብቷል። በዚያች ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ግን «ሐይቁ የነጠፈው ለዚህ ይሆን?» ብሎ ፈራ። ከቅርጫቱ አንድ ድብልብል ያለ የኩሬ ዓሣ አነሳና «እንካ ጌታዬ» ብሎ ወረወረው። ቅርጫቱን ተሸክሞ መንገድ ገባ።

ጨቅ።

ከኋላው ነው። ዞረ፤ ማንም የለም። ሄደ። ጨቅ... ጨቅ። የእርጥብ እግር ድምፅ። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። «ማነው?» አለ። ከዚያ አንገቱ ላይ ውሃ ጠብ አለበት። ዝናብ ነው? ዝናብ የለም። ከዚያ ቅርጫቱ ከበደው፤ ሰው የተንጠለጠለበት ያህል። እናንተ ብትሆኑ ትዞራላችሁ? እሱም አልዞረም።

«እንየው» አለው ከጆሮው ሥር።

«አቤት ጌታዬ።»

«የሰጠኸኝ ዓሣ ፉርሽካ ፉርሽካ ይላል።»

ፈርቶም ቢሆን ገበያ የለመደ አፍ ዝም ይላል? «ልጆቼን ይንሳኝ፣ የሐይቅ ነው» አለ።

«ሐይቁ እኮ እኔ ነኝ።»

እንየው ቅርጫቱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። በሩን በርግዶ ሚስቱ እግር ላይ ወደቀ። «አትጠገብ፣ አቆስጣው እኔ ነኝ።»

እሷ ተረጋግታ ኩራዟን ለኮሰች። «አውቃለሁ» አለች። «አቆስጣ በልቶ ሲወጣ በር አይዘጋም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የኔን ዓሣ ‹የሐይቅ ነው› እያልክ ስታሞግስልኝ ምን ብዬ ላስቁምህ? እንዳንተ የሚሸጥልኝ ከየት አገኛለሁ?»

ይህን ብላ ኩራዟን ከፍ አደረገች። በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ድምጿ ቀነሰ።

«እንየው፣ አንተስ ቤትህ ገባህ። ከኋላህ የቆመው ማነው?»

እፍ። ኩራዙ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ጨቅ አለና «ፉርሽካ ይበል እንጂ ጣፍጦኛል» አለ። «ሌላ አለ?»

ከዚያ ወዲህ እንየው ገበያ ላይ «የሚስቴ ዓሣ ነው» ብሎ ነው የሚሸጠው። ሌሊትም ብቻውን ወጥቶ አያውቅም። እናንተም ብቻችሁን እንዳትሄዱ፤ ተያይዛችሁ ሂዱ፣ ጨቅ ቢል እንዳትዞሩ። ቤት ስትደርሱ ሚስኮል አደርጋለሁ፤ ካርድ የለኝም። መልሳችሁ ደውሉልኝ። ነገ አላልኩም፣ ዛሬ ማታ። ለእናንተ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ብቻዬን የማድረው እኔ ነኝ።