የአስተርእዮ ተራ

የእትዬ ወለተ ሐና ሽንኩርት በጥር መጨረሻ፣ ውሃ ከሚፈስበት ቦይ ዳር፣ በጥም ደረቀ። ያደረቀው ያረጋል ነው።

ያረጋል ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ቤታቸው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ ከመስኖው ቦይ በላይ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ይህን አስቀድማችሁ ያዙ፤ የሚያጠፋ ክፉ ልጅ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

በዚያ አገር የበጋ ውሃ በተራ ነው። ተራውን የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ አያ ንብረት ነበሩ። በየቤቱ እየዞሩ «ነገ ያንተ ነው፣ ከነገ ወዲያ ያንቺ ነው» ይላሉ። እግራቸው ታመመ። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ዲያቆን ሃይለ ሚካኤል፣ ተራውን በስልክ መልእክት የሚናገር ፕሮግራም እንዲሠራ ያረጋልን አዘዘው።

ያረጋል ኮድ መጻፍ አይችልም። ዲያቆኑ ግን ኮድ ሳይጻፍ የሚሠራበትን መንገድ አሳይቶታል። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ባለቀለም ሳጥኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ትእዛዝ ነው፤ እየጎተቱ ማገጣጠም ነው።

«አንድ ሳጥን ባስቀመጥክ ቁጥር አያ ንብረትን ጠይቃቸው» አለው። «‹እንዲህ ሲሆንስ? እንዲያ ሲሆንስ?› በላቸው። አትቸኩል።»

ያረጋል ጥቂት ቀን ጎተተ፣ ገጣጠመ። ሰለቸው። አንድ ቀን የወንድሙን ስልክ አንሥቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «ከእሑድ በቀር በየቀኑ ለአንድ ገበሬ የውሃ ተራ የሚልክ ፕሮግራም ሥራልኝ» አለው። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም፤ ተሠራ።

ዲያቆኑ አየው። «ውስጡን መርምረኸዋል?»

«መርምሬዋለሁ፣ መምህር።»

አልመረመረውም፤ ቢያየውም አያነበውም። ልጆች፣ ጥፋቱ ማሽኑን ማዘዙ አልነበረም። ጥፋቱ ከዚህች ቃል ጀመረ።

አያ ንብረት ደስ አላቸው። «እንግዲህ የውሃ አባት ያረጋል ነው፤ እኔን የውሃ ልጅ በሉኝ!» ብለው ሳቁ። ለእግራቸውም ጠበል ሊጠመቁ ሄዱ። ዲያቆኑም ለፈተና ቡሬ ሄደ። ጓደኞቹ ያረጋልን «ኢንጂነሩ» ይሉት ጀመር።

ጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም ናት። ተራው የእትዬ ወለተ ሐና ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው ያ ሽንኩርት ነው፤ የተከሉትም ልጃቸው ታንጉት በመጪው መስከረም ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ እንድትማር ነው። በማርያም ቀን ግን ማን ዶማ ያነሣል? ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ያገሩ ልማድ የታወቀ ነው፤ በበዓል የዋለ ተራ ለማግስቱ ይዛወራል፣ የሌላውም እንዲሁ ይገፋል።

በማግስቱ ማለዳ ቦዩን ሲከፍቱ ጎረቤታቸው ክንዱ ደረሰ።

«እትዬ፣ ይዝጉት። ተራው የኔ ነው፤ መልእክቱ ይኸው።»

«የበዓል ተራ ይዛወራል እንጂ ይቀራል እንዴ፣ ክንዱ?»

«እኔ ምን አውቄ! የኔም በርበሬ ተጠምቷል። ያረጋልን ያነጋግሩት።»

ታንጉት ሮጣ ሄደች። ያረጋልን ከጓደኞቹ መካከል አገኘችው።

«አንተ! ስልክህ የእናቴን ተራ በላው። ትናንት እኮ ማርያም ነበረች!»

ያረጋል ወዲያው ገባው። ስለ በዓል አልነገረውም፤ ማሽኑም አልጠየቀውም። «ተሳስቻለሁ፤ የዛሬው ውሃ የእናትሽ ነው» ቢል ይበቃ ነበር። ጓደኞቹ ግን ያዩታል።

«ማሽን አይሳሳትም» አለ። «እናትሽ ቀን ተምታቶባቸው ይሆናል።»

«እናቴ? የማርያምን ቀን?»

ልጆቹ ሳቁ። ታንጉት ትታቸው ሄደች።

የእትዬ ወለተ ሐና ቀጣይ ተራ ደግሞ በሃያ ዘጠኝ፣ በባለ እግዚአብሔር ዕለት ዋለ፤ ያም ዶማ የማይነሣበት በዓል ነው። ፕሮግራሙ እንደገና አለፋቸው። ያረጋል አሁንም ስሕተቱን ለማንም አልነገረም። በእርሻቸው ዳር ሲያልፍ ያያል፤ የሽንኩርቱ ጫፍ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተኛ። ያረጋል መንገድ ቀየረ።

ዲያቆኑ ከቡሬ ሲመለስ ያረጋል አለቀሰ፤ ሁሉንም ነገረው። ዲያቆኑ አልተቆጣም። እጁን ይዞ እትዬ ወለተ ሐና ቤት ወሰደው። ገበሬዎቹም ነገሩን ሲሰሙ በዚያው ቀን ውሃውን ለቀቁላቸው። ውሃው ገባ። ሽንኩርቱ አልተነሣም።

ያረጋል እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይማሩኝ፣ እትዬ።»

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ።» እጁን ይዘው አነሡት። «እኔስ ምሬሃለሁ። እርሻው ግን አይሰማህም።»

ፕሮግራሙም ተስተካከለ። «የበዓል ተራ ለማግስቱ ይዛወራል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብቻ ነበር የቀረው።

እንግዲህ፣ ልጆች፣ ያላያችሁትን «አይቻለሁ» አትበሉ፤ ስትሳሳቱም ሌላው ሳይጎዳ በዚያው ቀን ተናገሩ።

ታንጉት በየካቲት ትምህርቷን ትታ ቡሬ ሰው ቤት ተቀጠረች። እናትና ልጅ ይኖሩበት በነበረው ቤት የቀሩት እትዬ ወለተ ሐና ብቻ ናቸው።